ፊታውራሪው በአዳም ቦታ ቢሆኑ

አንዲት ባልቴት፣ ባሏ መንጥሮ ያቀናውን ማሳ ፊታውራሪ ደምሰው ስለነጠቋት አንጀቷ አርሮ ከርሟል። አንድ እሑድ ቄሱ ስለ አዳም ውድቀትና ስለ መዳናችን ሰብከው እንዳበቁ፣ ፊታውራሪውን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጠብቃ «መሬቴን ይመልሱልኝ» አለቻቸው።

ፊታውራሪው በሕዝቡ ፊት ሳቁባት። «ስብከቱን አልሰማሽም? ከገነት ያስወጣችን ሴት ናት! እኔ በአዳም ቦታ ብሆን ኖሮ ያቺን ፍሬ አልቀምስም ነበር። በይ፣ የሔዋን ልጅ፣ መልስ ካለሽ መልሺ፤ ከሌለሽ ዳግመኛ ስለ መሬት እንዳትናገሪ!»

ባልቴቷ እጅ ነሳች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ እርስዎማ በአንዲት ፍሬ አይታለሉም። ገነትን በሞላ አጥረው፣ ‹የአባቴ ርስት ነው› ብለው፣ እግዜርን ራሱን ያስወጡት ነበር።»