ከታንኩ የገዘፉት ጄኔራል

አንድ ጄኔራል አሁን እንጨት ቀራጭ የሆነውን የቀድሞ የታንክ ሹፌራቸውን አስጠርተው፣ የዘመቱበትን ውጊያ በእንጨት እንዲቀርጽላቸው አዘዙት።

«ታንኩም ወታደሩም በልኩ ይነስ። እኔን ግን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ንጉሥ እንደሚሣለው፣ ከሁሉም አግዝፈህ ሥራኝ» አሉት። እንደታዘዘው ሠራ።

በምረቃው ዕለት ጄኔራሉ ለእንግዶቻቸው፣ «በዚህ ታንክ ውስጥ ሆኜ ነው ጠላትን ያርበደበድኩት!» ሲሉ፣ አማታቸው ቅርጹን ጠጋ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ አካል ይዘህ በየት በኩል ገባህ?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ጄኔራሉ ደማቸው ፈላ። «አንተ! ልኩን አበላሽተህ አዋረድከኝ! እንዴት እንደምገባ አሁኑኑ አሳይ፤ አለዚያ ዛሬ እስር ቤት ታድራለህ!»

ሹፌሩ እጅ ነሥቶ፣ «ልኩስ አልተበላሸም፣ ጌታዬ» አለ። «እኔ ታንኩን ስነዳም አንድም ቀን አልገቡበትም።»