የደፈረሰው የዓይን ብሌን

አንዲት በፈዋሽ እጇ የተመሰገነች የዓይን ሐኪም ነበረች። ስሟ ትርሲት ይባላል። የዓይን ብሌን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ጥርት ያለ ስስ ሽፋን፣ እንደ ጉም ሲደፈርስ ታነሳዋለች። ከዚያም ከሞቱ በኋላ ዓይናቸውን ለመስጠት ቃል ከገቡ ሰዎች በተገኘ ብሌን ትተካዋለች። በሰው እጅ ተመርተው የመጡ ሰዎች መንገዱን እያዩ ይመለሳሉ።

ከእነዚህ አንዱ አቶ ዘርጋው የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ። ዓይናቸው ከበራ በዓመቱ ልጃቸውን ሙሉነሽን ይዘው ተመልሰው መጡ። ትርሲት የልጅቱን ዓይን መረመረች። የአባትየው ሕመም እሷንም ጀምሯታል።

"ዶክተር፣" አሉ አቶ ዘርጋው፣ "የእኔ ዓይን የበራው ሰው ሞቶ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ለልጄስ ማን እስኪሞት ልጠብቅ? ለመሆኑ ይሄ ነገር ከየት ነው የሚመጣው?"

"አላውቅም፣ አባቴ" አለች። ያን ሁሉ ዓይን አክማ ይህን መመለስ አለመቻሏ እንደ እሾህ ወጋት።

ከዚያ ወዲህ ቀዶ ሕክምናውን ቀንሳ ቤተ ሙከራ ገባች። ከታማሚዎች ዓይን የሚወጣውን፣ ሌላው የሚጥለውን የደፈረሰ ብሌን እየሰበሰበች በማይክሮስኮፕ ትመረምር ጀመር። የሆስፒታሉ ኃላፊ ተቆጡ።

"በር ላይ ሰው ተሰልፎ ሳለ አንቺ የተጣለ ነገር ታገላብጫለሽ? ስምሽን ያስጠራው እጅሽ ነው!"

"ሰልፉ ከየት እንደሚመጣ ካላወቅን መቼም አያልቅም፣ ጋሼ" አለቻቸው።

ዓመታት አለፉ። ከብሌኑ ወስዳ በቤተ ሙከራ ያሳደገቻቸው ሕዋሳት ብዙ ጊዜ ምንም ሳይነግሯት ሞቱባት። ስሟን የሚያነሳም ጠፋ። በመጨረሻ ግን ደረሰችበት። ከብሌኑ ጀርባ ውሃ እየሳቡ የሚያስወጡ ሕዋሳት አሉ፤ ብሌኑ ጥርት ብሎ የሚቆየው በእነሱ ሥራ ነው። በእነዚህ ታማሚዎች ዓይን ግን ሕዋሳቱ ራሳቸው የሠሩት ፕሮቲን እየተበላሸ በውስጣቸው ይከማቻል፤ ይገድላቸዋልም። ያኔ ውሃው ይጠራቀማል፣ ብሌኑ አብጦ ይደፈርሳል። መንስኤው ከታወቀ በኋላ ትርሲትና ባልደረቦቿ ክምችቱን የሚከላከል የዓይን ጠብታ ሠሩ። ሙሉነሽ ለሙከራው ፈቃደኛ ሆነች። የጀመራት ብዥታም ባለበት ቆመ።

ትርሲት በተሸለመችበት ቀን አቶ ዘርጋው ራሳቸው የሸመኑትን ጋቢ ለብሰው ፊት ተቀመጡ። የመድረኩ መሪ "ዓይንዎን ስላበራችልዎ ሊያመሰግኗት ነው የመጡት?" ሲል ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ።

"ለእሱማ ድሮ አመስግኛታለሁ። ዛሬ የመጣሁት ልጄ ላልገባችበት ጨለማ ነው።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ትርሲት በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ወዳጆቼ፣ የወደቀን የሚያነሳ እጅ የተባረከ ነው፤ ሰውም ቶሎ ያየዋል። ሰው ለምን እንደሚወድቅ አጥብቆ የሚጠይቅ ግን ምስጋናው ይዘገያል። ካዳናቸው ብዙዎቹም እንደዳኑ እንኳ አያውቁም። እኛስ ማንም በማያጨበጭብልን ዓመታት ሥራችንን ይዘን እንቆያለን?