ለቡችላው አንዲት ሲኒ ወተት

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ የበረዳችሁ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ። የማወጋችሁ ነገር ትንሽ ናት። አንዲት ሲኒ ወተት ናት። ትንሽ ነገር መንገዷ ሲረዝም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ስሙኝ።

እንጅባራ ከተማ ዳር አንጓች የምትባል አስተማሪ ነበረች። አንድ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ውሻ አትወድም፤ ድመትም አትወድም። ጠልታቸው አይደለም፤ አብራቸው ስላላደገች ነው። ሐምሌ ገብቶ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ሰማይና ምድሩን ባንድ ቀለም በቀባበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሯን ስትከፍት ደጃፏ ላይ ቡችላ ተጠቅልሎ አገኘች። ዓይኑን ከገለጠ ብዙ ቀን አይሆነውም። እናቱን ከትናንት ወዲያ አስፋልቱ ላይ መኪና ገጭቶ ገድሏት ነበር።

አንጓች በፎጣ ጠቅልላ አስገባችው። መጀመሪያ አላዘነ። ኋላ ዝም አለ። ያስፈራት ማላዘኑ ሳይሆን ዝምታው ነው። ሆዱን ብትዳብሰው ከጀርባው ጋር ተጣብቋል።

«አይዞህ፣» አለችው። «ለአንተ የምትሆን አንዲት ሲኒ ወተት አላጣም።»

ሲኒዋን ይዛ ጎረቤቷ እትዬ ዳሳሽ ዘንድ ሄደች። እትዬ ዳሳሽ ወይኒቱ የምትባል ላም አለቻቸው።

«እትዬ፣ አንዲት ሲኒ ወተት ቢሰጡኝ። ቡችላው ሊሞትብኝ ነው።»

«ምነው ልጄ፣ ጮጮ ሙሉ በሆነ! ግን ነይና እዪ።»

ወይኒቱ ጡቷ ተወጥሮ፣ ዓይኗን አጥሩ ላይ ተክላ ቆማለች።

«ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመች ጠብታ አትሰጥም። ጥጃዋ ደግሞ ዛሬ በአጥሩ ሾልካ ጋሽ ቸኮል ጋጣ ገብታለች።»

«ጎትተን እናምጣታ!»

«ተጎትታ? እያለቀሰች ብትመጣ እናቷ ወተቷን የባሰ ትደብቃለች። ጥጃ ይለመናል እንጂ አይጎተትም። ሂጂ ለምኛት።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ቡችላው ወተት ይፈልጋል፤ ላሚቱ ያለ ጥጃዋ አትታለብም።

አንጓች ጭቃው ላይ እየተንሸራተተች ጋሽ ቸኮል ግቢ ገባች። ጥጃዋ ዳማ ከሚባለው ሽማግሌ ፈረስ እግር ሥር፣ ሙቀቱን ተጠግታ ተኝታለች። «ነይ እንጂ እመቤቴ፣ እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው፣» አለቻት። ጥጃዋ አየቻትና አዛጋች።

«አትልፊ!» አሉ እትዬ ዳሳሽ ከአጥሩ ማዶ። «ፈረሱ ካልሄደ እሷ አትሄድም። እሱን አንቀሳቅሺው፤ ትከተለዋለች!»

ቡችላው ወተት ይፈልጋል፤ ላሚቱ ያለ ጥጃዋ አትታለብም፤ ጥጃዋ ያለ ፈረሱ አትነቃነቅም።

አንጓች ፈረሱን አንገቱን መታ መታ አደረገችው። ዳማ አልተራመደም። ልብ ብላ ብታይ አንድ እግሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ ይዟል። ሰኮናው ውስጥ ጠጠር ተሰንቅሮበታል። ጎንበስ ብላ እጇን ስትሰድ ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ። እሷም እጇን ሰበሰበች።

«እግሩን ከጋሽ ቸኮል በቀር ለማንም አይሰጥም!» አሉ እትዬ ዳሳሽ ከአጥሩ ማዶ።

ቡችላው ወተት ይፈልጋል፤ ላሚቱ ያለ ጥጃዋ አትታለብም፤ ጥጃዋ ያለ ፈረሱ አትነቃነቅም፤ ፈረሱ ያለ ጋሽ ቸኮል እግሩን አይሰጥም።

ጋሽ ቸኮል ስማቸው ነው እንጂ በሕይወታቸው ቸኩለው አያውቁም። አንጓች በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ምድጃው አጠገብ በሸሚዝ ብቻ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ቀርቅረው ይንቀጠቀጣሉ።

«ጋሽ ቸኮል፣ ይድረሱልኝ! ቡችላው...»

«ቀስ!» አሉ ጋሽ ቸኮል፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። «አራስ ቤት ነው የገባሽው።»

አንጓች አልጋው ላይ አየች። ነጭ ወፍራም ጋቢያቸው ተጠቅልሏል፤ በመሃሉ ድመታቸው ተጋድማለች፤ ሆዷ ላይ ዓይናቸውን ያልገለጡ አራት ግልገሎች ተደርድረው ይጠባሉ።

«መጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት፣» አሉ ጋሽ ቸኮል።

አንጓች ድመት አነጋግራ አታውቅም። ግራ ቀኝ አየች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣» አለች በቀስታ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ ነገሩን ሁሉ ዘረዘረችላቸው። «ቡችላው ወተት ይፈልጋል፤ ላሚቱ ያለ ጥጃዋ አትታለብም፤ ጥጃዋ ያለ ፈረሱ አትነቃነቅም፤ ፈረሱ ያለ እርስዎ እግሩን አይሰጥም፤ እባክዎ ይውጡልኝ።»

«ልወጣ እችል ነበር፣» አሉ ጋሽ ቸኮል። ሳል አቋረጣቸው። «በዚህ ዝናብ ያለ ጋቢ ብወጣ ግን ይሄ ደረቴ ጉድ ይሠራኛል። አምና ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ጋቢው ደግሞ ይኸው፣ አራስ ተኝታበታለች።»

«ፈንጠር ብናደርጋትስ?»

«አንቺን አራስ ሆነሽ ፈንጠር ቢያደርጉሽ ደስ ይልሻል?»

 አንጓች የለበሰችውን ቀይ ሹራብ አየች። እህቷ በእጇ የሠራችላት ናት፤ ክረምቱን ያለሷ አታልፈውም። ያም ሆኖ አውልቃ ሰጠቻቸው። «እንግዲያው ይችን ይልበሱ።»

ጋሽ ቸኮል አንድ እጃቸውን አስገቡ። ሹራቧ ከክርናቸው አላልፍም አለች። ሲጎትቱ እህቷ የሠራችው ሁሉ ሊተረተር ሆነ። ሁለቱም ድምፃቸውን አፍነው ሳቁ።

ሳቁ አለፈ፤ ነገሩ ግን እዚያው ነው። ቡችላው ወተት ይፈልጋል፤ ላሚቱ ያለ ጥጃዋ አትታለብም፤ ጥጃዋ ያለ ፈረሱ አትነቃነቅም፤ ፈረሱ ያለ ጋሽ ቸኮል እግሩን አይሰጥም፤ ጋሽ ቸኮል ያለ ጋቢያቸው አይወጡም፤ ድመቷ ከጋቢው አትነሳም። አንጓች በሩን አየች። ቡችላው ብቻውን ነው። እስካሁን ምን ሆኖ ይሆን?

«እሷስ ምን ብታገኝ ትነሳለች?» አለች።

«ሙቀት። ጆንያ አነጠፍኩላት፣ ናቀችው። የሰው ገላ ያሞቀው፣ ሰው ሰው የሚሸት ነገር ነው የምትፈልገው።»

አንጓች ሹራቧን አነሳች። ገና አልቀዘቀዘችም። ከጋቢው ጎን እንደ ጎጆ ክብ አድርጋ አስቀመጠቻትና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ክንዷን ብርዱ ወጋት።

«አሁን ዝም ብለሽ ጠብቂ፣» አሉ ጋሽ ቸኮል። «ድመት አትታዘዝም።»

ጠበቁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ድመቷ አፍንጫዋን ዘረጋች፤ አሸተተች። ተነሳች፤ ሹራቧን በፊት እግሮቿ ረገጥ ረገጥ አደረገቻት። ተመለሰችና አንዱን ግልገል ማጅራቱን ይዛ ወሰደች። ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛውን ወሰደች። ከዚያ ሹራቧ ላይ ተኝታ ዓይኗን ጨፈነች።

አራተኛው ጋቢው ላይ ቀርቶ ይንጫጫል። አንጓች እጇን ልትሰድ አለችና ተወችው። ድመቷ አንድ ዓይኗን ገለጠች፤ እንደ ደከማት ሁሉ ቀስ ብላ ተነስታ እሱንም ወሰደችው።

እንግዲህ ድመቷ ሹራቧ ላይ ተኛች፤ ጋቢው ተነሳ፤ ጋሽ ቸኮል ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ፈረሱ እግሩን ሰጠ፤ ጠጠሩ ወጣ፤ ፈረሱ ተራመደ፤ ጥጃዋ ተከተለችው፤ ላሚቱ ጥጃዋን ስትልስ ወተቷን ለቀቀች፤ ሲኒዋም አረፋ ደፍታ ሞላች!

አንጓች ሲኒዋን በመዳፏ ከድና፣ አንድ ጠብታ ሳታፈስ ቤቷ ደረሰች። ፎጣው አይንቀሳቀስም።  ተንበርክካ ጣቷን ወተቱ ውስጥ ነከረችና አፉን አስነካችው። ምንም የለም። ደግማ ነከረች። ምንም የለም። በሦስተኛው ትንሽዬ ምላስ ጣቷን ላሰ።

«ጎበዝ!» አለች አንጓች። «ጎበዝ የኔ ልጅ።»

በጣቷ እያጠባች፣ እያረፈች፣ ሲኒዋን አጋመሰች። ቡችላው ሆዱ ሲሞላ ተንፏቆ መጣና የቀኝ እግሯ ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ ወሰደው። አንጓች እዚያው መሬት ላይ እንደ ተቀመጠች ቀረች። በርዷታል። እግሯን ግን አላነቃነቀችም።

ከቀትር በኋላ እትዬ ዳሳሽ ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ። «አንጓች! ድንች ቀቅያለሁ፤ ሳይበርድ ነይ!»

«አልችልም፣ እትዬ!»

«ምነው?»

«እግሬ ላይ ተኝቷል!»

 ጥቂት ቆይቶ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እትዬ ዳሳሽ ባንድ እጃቸው ትኩስ ድንች የሞላ ሳህን፣ በሌላው የራሳቸውን ፎጣ ይዘው ገቡ። ጫማቸውን ደጅ አውልቀዋል። ፎጣውን አንጓች ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና መሬቱ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ድንቹን ይልጡ ጀመር።

እኔም እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ፤ የተኛውን እንዳልቀሰቅስ።