የተደበቀው ቁና

አንድ መንደር ውስጥ ኸይሪያ የምትባል ቀልደኛ ልጅ ነበረች። መስጊድ ደጅ የሰው ጫማ ማቀያየር፣ የጎረቤት ዶሮ እንቅብ ውስጥ መደበቅ የሷ ሥራ ነው። እናቷ ባሏ የሞተባት ድሃ ስለሆነች፣ በየዓመቱ ማሽላ ሲወቃ ሁለቱም ሐጂ ሸምሱ ደጅ ይሰለፋሉ።

ሐጂ ሸምሱ የመንደሩ ሀብታም ናቸው። የአዝመራቸውን ዘካ ከአባታቸው በወረሱት ቁና እየሰፈሩ ለእያንዳንዱ ድሃ አንድ አንድ ቁና ይሰጣሉ። አንድ ቁና ማሽላ ሳምንት አያደርስም። ሐጂ ግን ሰልፉን እያዩ፣ «ማሻአላህ! ዘንድሮ እኮ ዋርካው ድረስ ደርሷል!» ይላሉ ደስ ብሏቸው።

አንድ ዓመት ታዲያ ሐጂ የቀትሩን ዙህር ሊሰግዱ ገባ ሲሉ ኸይሪያ ቁናውን አንስታ የእሾህ አጥሩ ውስጥ ወሸቀችው። ትንሽ ፈልገው ሲያጡት ተስቆ ሊወጣ ነው ሐሳቧ።

ማንም አልሳቀም።

«የአባቴ ቁና ሳይገኝ አንዲት ፍሬ አትወጣም!» አሉ ሐጂ። ፀሐዩ ከረረ። ሕፃናት በረሃብ አለቀሱ። ከሰልፉ መሀል አንዱ፣ «አባ ይመር ቅድም እዚያ ጋ ቆመው ነበር» አለ። ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አንተ ይመር! በል ቁርኣን ይዘህ ማል!» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ድሃ ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም» አሉ አባ ይመር።

ኸይሪያ ብትናገር ዱላ አለ፣ እናቷም ባዶ እጇን ትመለሳለች። ዝም ብትል ደግሞ ሽማግሌው እስኪሞቱ «ሌባው ይመር» ሊባሉ ነው።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ቁናውንም ከእሾሁ ውስጥ ጎትታ አወጣችው።

ሐጂ ዱላቸውን አነሱ። የመስጊዱ ኢማም ሸህ ኑሩ እጃቸውን ያዙ። «ቆዩ አንቱ! አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ለቀልድ ነው፣ ሸሁ።» እያለቀሰች ነው፤ ምላሷ ግን አላረፈም። «ደሞ ቁናው ቢጠፋስ ምን ይቀርብናል? እናቴ እኔን አዝላ እዚህ ተሰልፋለች። እኔም ልጄን አዝዬ ልሰለፍ ነው እንዴ?»



«እና ምን ይደረግ ነው የምትይው?» አሉ ሐጂ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ዘካው የነሱ ሐቅ ነው፣ ሐጂ» አሉ ሸሁ። «ለምን እነሱን አንጠይቅም?»

አባ ይመር ዓይናቸውን ጠረጉ። «መሬቱስ አለን፤ ያጣነው በሬ ነው። ግማሹን እህል እንብላው። በግማሹ ጥማድ በሬ እንግዛና በተራ እንረስ።»

ሐጂ አላመኑም። ሰው ሁሉ እያያቸው ግን እንቢ ማለት አፈሩ፤ ሰጡ። በሬ ተገዛ፤ ሰዉም መሬቱን በተራ አረሰ።

በሦስተኛው ዓመት ሐጂ ቁናቸውን ይዘው ደጃቸው ላይ ቆሙ። ሦስት ሰው ብቻ መጣ። «ምን በድያቸው ነው የቀሩብኝ?» ብለው ሆዳቸው ባባ። ወዲያው አባ ይመር አህያ ጭነው ብቅ አሉ፤ ኸይሪያ ከኋላ ትነዳለች። ሐጂ ሊሰፍሩላቸው ቁናውን አነሱ።

«ልወስድ አልመጣሁም» አሉ አባ ይመር። «እኔም ዘካ ለማውጣት በቃሁ፣ አልሃምዱሊላህ። ለነዚህ ለሦስቱ ይጨመርልኝ።»

 ኸይሪያ ታዲያ፣ «ሐጂ፣ ወላሂ ዘንድሮ ሰልፉን የደበቅኩት እኔ አይደለሁም!» አለቻቸው። ሐጂ ጢማቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።

ዘካም ይሁን ሰደቃ፣ ድሃውን በየዓመቱ ደጃችን የሚመልስ ከሆነ ረሃብ ማስታገሻ ብቻ ነው። ነገ እሱም ሰጪ እንዲሆን ካቋቋመው ግን በረካው ለመንደር ይተርፋል። እስቲ እናንተስ፣ ስትሰጡ ደስ የሚላችሁ ሰልፉ ሲረዝም ነው ወይስ ሲያጥር?