በሰው ስም የተሰፋ ጫማ

አንድ ጫማ ሰሪ ነበር፤ ሽብሩ ይባላል። በአንዲት የንግድ ከተማ ከገበያው ጀርባ ሰፊ ቤት ተከራይቶ አሥራ አራት ሠራተኞች ያሠራል። ቆዳውን ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ይቆርጣል። የሚሰፋው ግን በሙላቷ እጅ ነው። ሙላቷ እዚያ ቤት ሃያ ዓመት የሠራች፣ ሦስት ልጆቿን በወስፌና በሰም ክር ያሳደገች ሴት ናት። ከዚያ ቤት የወጣ ጫማ ሦስት ክረምት ጭቃ ይረግጣል፤ ለአራተኛው ቢለምኑትም እምቢ አይልም።

ታዲያ አንድ ዓመት ከባሕር ማዶ ጫማ መጣና ገበያውን ሞላው። ያብረቀርቃል፣ ክብደት የለውም፣ ዋጋው ደግሞ የሽብሩን ግማሽ ነው። ማዶ ያለው ፋብሪካ በአንድ ቀን የሚያወጣውን ጫማ ሽብሩ በዓመት አያወጣውም፤ ስለዚህ ቢረክስ አይገርምም። የሚገርመው የሕዝቡ ነገር ነው። ጥቂት ሰንበትበት ብሎ፣ ርካሽ ፈላጊው ቀርቶ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ "የውጭ ነው?" ብሎ ሳይጠይቅ ጫማ የማይሞክር ሆነ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ! የሽብሩ ጫማ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ቀረ።

ሽብሩ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹ ሲገቡ ባየ ቁጥር አንድ በአንድ ይቆጥራቸው ጀመር። ከአሥራ አራቱ ማንን ያሰናብት? አንድ ቀን ጫማ የሚረከበው ባለሱቅ መጣና ጭንቀቱን አይቶ እንዲህ አለው፦

"ጋሽ ሽብሩ፣ ጫማዎ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ስም ነው። የማዶውን ማኅተም ከውስጡ ይምቱበት፣ በሳምንት ውስጥ እጨርስልዎታለሁ።"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሽብሩ ለአንድ ቀጥቃጭ ነግሮ የባሕር ማዶውን ስም የያዘ ማኅተም አስቀረጸ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤቱ የሚወጣ ጫማ ሁሉ ማኅተሙ ይመታበት ጀመር። ባለሱቁም "ይሄ የማዶው ዋናው ነው" እያለ በሽብሩ ዋጋ ሸጠው። ከአሥራ አራቱ አንድም ሰው ሥራ አልፈታም። ሙላቷ ብቻ አንድ ቀን መርፌዋን አስቀምጣ፣

"ጋሽ ሽብሩ፣ አምጬ የወለድኩት እኔ፣ ልጁ የሚጠራው በጎረቤቴ ባል ስም ነው ማለት ነው?" አለችው።

"ስም አይበላም፣ ሙላቷ" አላት።

"እሱስ ልክ ነው" ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ምን ትበል? የሦስት ልጆች እናት ናት።

ሌሎቹ ጫማ ሰሪዎችም ይህን አይተው ያንኑ አደረጉ። ዓመት ሳይሞላ በከተማው ውስጥ በገዛ ስሙ የሚሠራ ጫማ ሰሪ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሰውን የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። የሽብሩ ጫማ ክረምት ከክረምት ሲሻገር የገዛው ሰው "የውጭ ዕቃ እኮ ነው!" ይላል። እውነተኛው የማዶ ጫማ ደግሞ በሐምሌ ጭቃ አፉን ሲከፍትበት "ይሄማ እዚሁ ያስመሰሉት ነው" ይላል። ምስጋናው ባሕር ይሻገራል፣ ስድቡ እቤት ይቀራል። ሽብሩ ይህን እየሰማ ይስቅ ነበር፤ ጫማው እየተሸጠ ነዋ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በሦስተኛው ዓመት የማዶዎቹ ነጋዴዎች ዋጋቸውን እንደገና ቀነሱ። ያው ስም፣ ያው ማኅተም በሩብ ዋጋ ከተገኘ የሽብሩን ማን ይገዛል? የጫማ ቤቶቹ አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር። የቀሩት ባለሙያዎች ሽብሩን ይዘው ወደ ከተማው ገዢ ሄዱና "በማዶው ጫማ ላይ ቀረጥ ይጣልልን፣ ትንሽ እንተንፍስ" ብለው ለመኑ። ገዢው ቅን ሰው ነበርና ነገሩን በሕዝብ ፊት ልስማ ብሎ ጉባኤ ጠራ።

በጉባኤው መጀመሪያ የተነሣው የማዶውን ጫማ የሚያስመጣው ነጋዴ ነበር። "ጌታዬ፣ ቀረጥ ከጣሉ ሕዝቡ በባዶ እግሩ ይሄዳል። እዚህ አገር ጫማ መሥራት የሚችል ማን አለ?" አለ።

ገዢው ወደ ሕዝቡ ዞረ። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲዞር የሚውል አንድ ደብዳቤ አዳይ ተነሣና ጫማውን አውልቆ ወደ ላይ አነሣው። "እኔ የማውቀው ይህን የማዶ ጫማ ነው። ሦስት ዓመት ረግጬዋለሁ፣ አልከዳኝም። የአገሬን ሰው እወዳለሁ፣ የሠራውን ጫማ ግን የትም አላየሁም" አለ።

ሽብሩ ጫማውን ገና ከሩቅ ሲያየው አወቀው። ብድግ አለ።

"ጌታዬ፣ ያ ጫማ የእኔ ነው! ቆዳውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ!"

ገዢው ጫማውን ተቀብሎ ውስጡን አየ። "እዚህ ላይ ያለው ያንተ ስም ነው?"

"አይደለም ጌታዬ። ማኅተሙን የመታሁት ግን እኔው ነኝ፤ እንዲሸጥልኝ ብዬ።"

ጉባኤው በሳቅ አውካካ። ያልሳቀው ደብዳቤ አዳዩ ብቻ ነበር። "ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስመርቅ የኖርኩት ማንን ነው?" አለ። "በየደረስኩበት ደጅ 'የማዶውን ግዙ' እያልኩ ስንቱን ሰው ላክሁ!"

ገዢው ሽብሩን በሐዘን አየው። "እኔ አምንሃለሁ። ግን ዛሬ ቀረጥ ብጥል ሕዝቡ የሚወደውን ነገር ያስወደድኩበት ነው የሚመስለው። የማያውቁትን ሙያ እንዲጠብቁልህ በምን ላሳምናቸው? ሂድና በስምህ ሥራ። ሲያውቁህ ተመለስ፤ ያኔ ከጎንህ እቆማለሁ።"

ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ግን ስም በአንድ ክረምት አይገነባም፣ ሠራተኛ ደግሞ ሳይበላ አይከርምም። ሽብሩ ማኅተሙን ጥሎ በገዛ ስሙ መሥራት ጀመረ። ጫማውን የሚገዛው ሰው ጥቂት ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ ከአሥራ አራቱ ዘጠኙን አሰናበተ። ሙላቷን ሲያሰናብት አለቀሰ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ከወራት በኋላ በገበያ ቀን መንገድ ዳር አገኛት። ሸራ ዘርግታ የማዶውን ጫማ ትሸጣለች።

"ሙላቷ፣ አንቺ እንኳ?" አላት።

"ምን ላድርግ ጋሽ ሽብሩ፣ ሥራው ይኸው ነው የተገኘው። ደግሞ አያደክምም፤ ደንበኛ መጥራት እንኳ አያስፈልገኝም። ስሙን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔና እርስዎ አስተምረናቸው የለ?"



ወዳጆቼ፣ የማዶው ነጋዴ የሽብሩን ገበያ ወስዷል፤ ይህ እውነት ነው፣ አቅሙም ቀላል አይደለም። ስሙን ግን ማንም አልቀማውም፤ ራሱ አሳልፎ ሰጠው። ርካሽ ዕቃ ገበያ ያሳጣል። በሰው ስም የተሠራ ጥሩ ሥራ ግን ጠበቃ ያሳጣል፤ ለጭንቅ ቀን "ይህ የእኛ ነው" ብሎ የሚቆምልህ ሰው አይኖርም።

ጥፋቱን ሁሉ በሽብሩ ላይ ከመጣላችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሽብሩ ያኔ፣ ገና መጀመሪያ፣ በገዛ ስሙ የሰፋውን ጫማ ይዞ ደጅዎ ቢቆም ኖሮ ይገዙት ነበር?