የተለመደው ባትሪ

አንድ የተማረ ሰው ነበር፤ ድልነሳ የሚባል። በዕውቀቱ አይታማም፤ የሚታማው አብራርቶ መናገር ውርደት ስለሚመስለው ነበር። እህቱ ዘርፌ ከልጆቿ ጋር ቆላ፣ ወንዝ ዳር ትኖራለች። ጎርፍ ፈርታ ወደ ዳገቱ ልትወጣ ጓዟን ስትሸክፍ ከለከላት።

«ውሃው ሲመጣ የሚጮህ ደወል እሠራልሻለሁ። አርፈሽ ተቀመጪ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ባይጮህስ?»

«እኔ ሠርቼው?»

አመነችው፤ ጓዟን ፈታች።

ድልነሳ ደወሉን ነደፈና የሰው ንድፍ ተቀብሎ ለሚገጥም ፋብሪካ የዕቃውን ዝርዝር ላከ። የሽቦውን ውፍረት፣ የብሎኑን ቁጥር፣ ሁሉንም ጻፈ። ባትሪው ላይ ሲደርስ ግን «የተለመደው» ብሎ አለፈ። በልቡ ያሰበው የቆላ ሐሩር የሚችለውን ነው። ልቡን ማን ገብቶ ያያል?

የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ዝርዝሩን አይታ አለቃዋን፣ «የትኛውን ባትሪ ነው? ደውለህ ጠይቀው እንጂ» አለችው።

«ምን ብዬ? ያን የሚያህል ሰው፣ ዝርዝር መጻፍ አታውቅም ልበለው? ነውር ነው። እኛ የለመድነውን ስጪኝ።»

እነሱ የለመዱት ለልጆች መጫወቻ መኪና የሚገጥሙትን ነበር። ሰጠችው።

ደወሉ ወንዙ ዳር ተተከለ። ሲሞከር ጮኸ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ የበጋው ሐሩር ባትሪውን አሳብጦ ገደለው፤ ማንም አላወቀም። ክረምት ገብቶ ደጋው ላይ ሲዘንብ የቆላው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። ዘርፌ ደጇ ላይ ልብስ ታሰጣለች፤ ጆሮዋን ለደወሉ ሰጥታ። ደወሉ ዝም እንዳለ ጎርፉ ደረሰ። እሷንም ልጆቿንም ወሰደ።

ለቅሶው ላይ የፋብሪካው አለቃ መጣ። ድልነሳ ቀና ብሎ አየው።

«ምን ባትሪ ከተትህ?»

«የተለመደውን።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አክብሬህ።»

ድልነሳ ዛሬ ያኔ በልቡ ያሰበውን ባትሪ ዓይነት፣ መጠኑንና የሚችለውን ሙቀት አጥርቶ ጽፎ በኪሱ ይዞ ይዞራል። አሳምሮ ጽፎታል። ለማን እንደሆነ እንጃ።

እኔ ጎረቤቴን ገበያ ስልካት እንኳ «በርበሬ» ብዬ አልተዋትም፤ ዛላውን ይሁን የተፈጨውን እነግራታለሁ። የልቤን ሰው ያውቅልኛል ማለት ዕውቀት አይደለም፤ ትዕቢት ነው። ሳይገባህ ዝም ማለትም አክብሮት አይደለም፤ ገድሎ ለቅሶ መድረስ ነው። አንተስ፣ «ያውቁታል» ብለህ ሳትጽፍ ያለፍከው የቱን ነው? አንተን አምኖ ጓዙን የፈታው ማነው?