ሰውጠፋ የሚለው ስም

በአምባጭሬ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ሰውጠፋ የሚባል ስም አለ፤ «ሰው» እና «ጠፋ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። እንግዳ ሲሰማው ሰው ሞቶባቸው ያወጡት ይመስለዋል፤ ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት ግን ሰዎቹ ሁሉ በሕይወት ነበሩ፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

በጭቃ ሹም ዘመን ደምለው የሚባል ገበሬ ገደሉን ሦስት ዓመት ፈልፍሎ ከወንዙ እስከ ማሳው ቦይ አወጣና ውሃው በወረደ በወሩ ታሞ ሞተ ይባላል። ተዝካሩ እንኳ ሳይወጣ ጭቃ ሹሙ «ቦዩን ያስቆፈርሁት እኔ ነኝ» ብሎ ውሃውን ወደ ራሱ እርሻ መለሰው። የደምለው ሚስት ታንጉት እርጉዝ ነበረችና ሆዷን ይዛ ከዳኛው ፊት ቆመች። ዳኛው ከሾላው ሥር የተቀመጡትን ሰባት ሽማግሌዎች «ደምለው ሲቆፍር ያየ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ማየት ብቻ ሳይሆን ድንጋይ ሲያግዙት የከረሙት እነዚያ ሰባት ሰዎች ጭቃ ሹሙን ፈርተው መሬት መሬት አዩ። ተፈረደባት።

ሴት ልጅ ወልዳ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስታስነሳ፣ ሽማግሌዎቹ ምንም እንዳላደረጉ ሁሉ ሊበሉ መጡ፤ «ልጂቱን ማን እንበላት?» አሉ።

«ሰውጠፋ።»

«ኧረ ታንጉት፣ ይህ ለልጅ ይሆናል?»

«በእኔ ላይ ያደረጋችሁትስ ይሆናል? ስሙን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ በሉ ጥሯት!»

ከዚያ ወዲያ ልጂቱን «አንቺ» ይሏታል እንጂ በስሟ ሊጠራት የደፈረ አልነበረም ይባላል። በስድስተኛው ክረምት ግን ከሰባቱ አንዱ፣ አባ ቢሰውር፣ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ልጂቱን ከወንዙ መካከል አያትና «ሰውጠፋ! ሰውጠፋ!» እያለ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፤ ገብቶም ጎትቶ አወጣት። የጮኸውን ራሱ ሰምቶት ኖሮ፣ ልብሱ ሳይደርቅ ከዳኛው ደጅ ሄደና «ደምለው ሲቆፍር አይቻለሁ፤ ዝም ብዬ በድያለሁ» አለ። ቦዩም ለታንጉት ተመለሰ።

አገሩ እፎይ ብሎ «እንግዲህ ስሟን ለውጪላት» ቢላት፣ «የተገኘው አንድ ነው፤ ስድስቱ ሲመጡ እለውጠዋለሁ» አለች። ስድስቱ ሳይመጡ ሞቱ።

ዛሬም በአምባጭሬ ሰው ተበድሎ መስካሪ ያጣ እንደሆነ፣ በዚያ ቤት የሚወለደው ልጅ በዚህ ስም ይጠራል። ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ሰውጠፋዎች ክርስትና ተነሥተዋል።